ሳልተረጉምልህ የቀረው የሐኪሙ ጥያቄ

አባዬ፣

የአላህ ሰላምና ራሕመት ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ።

ጂዳን ለቀናል። በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር፣ አንተ አሥራ አራት ዓመት የጠበቅከው በር ላይ አሁን አንድ ሱዳናዊ ዘበኛ ተቀምጧል፤ ደግ ሰው ይመስላል። ምድር ቤት ያለችውን ክፍላችንን ለሱ ለቀን፣ እማዬና እኔ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ አጎቴ ቤት አጠገብ ተከራይተን ገባን። እኔ የሴቶች ልብስ ሱቅ እሠራለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ግን እሷንም የደም ግፊት ያዛት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ መካ ላይ መሞት ያስቀናል፣ በታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ላይ ተሰገደበት ይለን ነበር። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሐዘን ይመስላቸዋል። ሐፍረት ነው።

አንደበትህ እኔ ነበርኩ። ያንተ ዐረብኛ ለበሩ ይበቃል እንጂ ለሐኪምና ለወረቀት አይሆንም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ሲታደስም፣ አሠሪህ ከፊሉ ሲደውልም፣ ሐዩን ጥሯት ትል ነበር። ደረጃ ስትወጣ ራስህን ይዘህ መቆም ስትጀምርም ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ይዤህ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ሐኪም ግፊትህን ሁለት ጊዜ ለኩና ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱን አዘዙልህ። የልብን ሩጫ ቀስ ያደርጋል፣ ልብ ሲያርፍ ግፊቱም ይወርዳል ብለው አስረዱኝ፤ እኔም ኮራ ብዬ ነገርኩህ። ሳቅህና፣ ልቤም እንደኔ ዘበኛ ናት፣ እሷስ ትንሽ ትቀመጥ አልክ።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ተመለስን። ግፊትህ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ይደክመዋል ወይ፣ ያዞረዋል ወይ፣ እጁ ይቀዘቅዛል ወይ እያሉ ጠየቁ፤ አንድ በአንድ ተረጎምኩልህ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ መድኃኒት አንዳንድ ወንዶችን በትዳር በኩል ያስቸግራል፣ ከባለቤቱ ጋር እንደ በፊቱ ነው ወይ፣ ጠይቂው አሉኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጆሮዬ ጋለ። አንተ ምን አሉ ብለህ ጠየቅከኝ።

"እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ ነው የሚሉት።"

"ደህና እተኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ በያቸው።"

ወደሳቸው ዞሬ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም አልኩ። እሳቸው ግን አልተዉም። ወደፊት እንኳ ቢያጋጥመው በራሱ እንዳያቋርጥ፣ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ለልብ አደገኛ እንደሆነ፣ ወደሳቸው ቢመጣ በሌላ እንደሚቀይሩለት ነገሩኝ። ነገሩ ከዚያ ጥያቄ ጋር ስለተያያዘ እሱንም ዋጥኩት። በደንብ ውሰድ ነው ያሉህ አልኩ።

ልንወጣ ስንል በሩ ጋ ቆምክ። "ሐዩ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ" ብለህ ጀመርክ፤ አየኸኝና፣ "ተይው፣ ሌላ ጊዜ" አልክ። ምን ልትጠይቅ እንደነበር ገብቶኛል አባዬ። ያን ቀንም ገብቶኝ ነበር። ቀድሜህ ደረጃውን ወረድኩ።

ከዚያ ወራት አለፉ። ለዑምራ መጥተን አጎቴ ቤት ባረፍን በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደረትህን ያዝክ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ፣ መድኃኒት ይወስዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በየቀኑ ይወስዳል አልኩ። እማዬ ጫማህን ታቅፋ ከበሩ ውጭ ቀርታ ስለነበር አልሰማችኝም። ሳይመሽ ሄድክ።

ባለፈው ወር ለእማዬ መድኃኒት ሲታዘዝላት አልወስድም አለች። የአባትሽ ዓይነት ቤቴ አይገባም አለችኝ። ያንተ ዓይነት አልነበረም፤ ለሷ ግን የግፊት ኪኒን ሁሉ አንድ ነው። ስጨቀጭቃት አለቀሰችና ነገረችኝ። ከመሞትህ አሥር ቀን በፊት አቁመኸው ነበር። ለወራት እንደ ባል አልሆንልህ ብሎ፣ አፍረህ ፍራሽህን ለይተህ ነበር።

"አንድ ቀን ፊቴን አዞርኩበት" አለችኝ። "በነጋታው ኪኒኑን ተወ። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

እዚያው ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ የኔን ጥፋት ተሸክማ ስትንቀሳቀስ እያየሁ ዝም አልኩ። አባዬ፣ ከፊተኛው ሐፍረቴ ይሄኛው ይብሳል። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ እላለሁ፤ አሁን ምን እላለሁ?

ባለፈው ዓርብ ልብስ ስናጣጥፍ ነገርኳት። ዓይኗን ከፎጣው ሳታነሳ፣ "ሐኪሙ ጠይቀውሽ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ። በሌላ እቀይርለታለሁም ብለው ነበር።"

ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ተነስታ ለሶላት ውዱእ አደረገች። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቀድታ አጠገቤ አኖረችና፣ "ሐኪሟ ጋ አብረሽኝ ግቢ። የምትለኝን ሁሉ ንገሪኝ፤ አንድም እንዳታስቀሪ" አለችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

ሄድን። ሐኪሟ የሴት ነገር ሁሉ ሳይቀር ጠየቀቻት። እኔን ላብ አጠመቀኝ፤ እማዬ ግን ቀና ብላ ለሁሉም መለሰች። ሐኪሟን ስለ አንተም ጠየቅኳት። ማቋረጡ ይሁን ሌላ፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለችኝ። እማዬ መድኃኒቷን ጀምራለች። ቁርስ ላይ እኔ ፊት ነው የምትውጠው።

አባዬ፣ የመካ ቀብርህን እያነሳ የሚያስታውስህ ሰው ብዙ ነው። እኔ የማስታውስህ ከነበደሌ ነው፤ እንዲቀለኝ ብዬም አንዱን ቀንሼ ሌላውን አላወራም። በየሶላቱ ስምህን አነሳለሁ። ላንተ ምሕረት ስለምን አፌ ይፈታል፤ ወደራሴ ስደርስ ቃል ያጥረኛል። እስኪመጣልኝ ድረስ ያንተን ብቻ እየደጋገምኩ እቀመጣለሁ።

ልጅህ ሐያት