በሕግ አምላክ ያልኩለት ዳኛ

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሀመድሰይድ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የአሰብ ወደብ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሀምዱሊላህ፤ ማሽላው ገብቷል፣ ግመሏም ወልዳለች።

ለቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን መጥቶልናል። እሁድ የጃንሆይን ዘመን ድራማ አየን። አንድ ደጃዝማች ዳኛውን «ይህን ጭሰኛ እሰርልኝ» ይለዋል። ካድሬያችን የደጃዝማቹ ክፋት ሲጋለጥ ደስ ብሎት ያጨበጭባል። ዳኛው ግን «ያለ ምስክር አልፈርድም፤ ሹመታችሁን ውሰዱት» አለ። ይህን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ፊቱን ወደ ባሌ አዞረ! አብዱሰመድ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኛ አይደል? ካድሬው ጎረቤታችንን ካሳን ያለ ምስክር ፍረድበት ቢለው፣ ባለፈው ሳምንት በነፃ አሰናብቶታል።

ካድሬው ነገሩ ሲገባው ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ተነሣ። እኔም «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው መቼም ካለበት አይነቃነቅም። እሱም የራያ ልጅ ነውና እጁ አየር ላይ ቀረ። እስከ መጨረሻው አየነው።

ዛሬ ጠዋት አብዱሰመድን ለአጭር ጥያቄ ብለው ቢሮ ጠሩት። ቡሉኮውን አስያዝኩት። በቆላ አገር ቡሉኮ ምን ይሠራል ብለህ እንዳትስቅ፤ ሲሚንቶ ላይ ማደር ለወገቡ አይስማማውም። ምሳው እንደተከደነ ነው፣ ፀሐይዋም ዞራለች።

ዱዓህ አይለየን። ስለ እኔ ጤና ከጠየቅህ፣ ጉሮሮዬ ደህና ነው፤ ነገ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ይሰማል።

እህትህ ሀሊሜ