ቤት ለእንግዳ፣ ባለ አራት ጎማ

ጁሃር ወንድሜ፣

«ሞተሩን ሰምተህ ግዛ» ብለህ ያስገዛኸኝ፣ አልጋና ቡታጋዝ ያለው አሮጌ መኪና ታች ጋይንት ደርሷል። ሞተሩስ እውነትም ወርቅ ነው። ጣራውን ግን ዝናብ ሳይመታው መግዛት ሞኝነት ነው፤ ሌላ ሰው ስትመክር ይህንንም ጨምርበት።

ዛሬ አርብ ገበያ ከተማ፣ ገበያው ዳር ቆሜ ሻይ ላፈላ ስል ዶፍ ዝናብ ወረደ። በሩ ተንኳኳ። አንዲት እናት ያልተሸጠ በጋቸውን እየጎተቱ «ቤት ለእንግዳ!» አሉ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው» አልኳቸው።

አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። «እሳት ይነድበታል፣ ይተኛበታል። ታዲያ ቤት ካልሆነ ምንድን ነው?»

እዚህ አገር እንግዳ ከደጅ አይመለስም። እሳቸው ገቡ፣ በጉም ገባ። አልጋዬ ላይ የማያፈሰውን ጥግ መርጦ ተጋደመ፤ እኔ በሚያፈሰው በኩል ድስት ደቅኜ ተቀመጥኩ። እኛ ሰፈር ሰው ሊመጣ ሲል ይደውላል፤ እዚህ በግ እንኳ ሳይደውል ይገባል።

ሲያባራ እንግዳዬ እማማ የኔነሽ መረቁኝ። ቀጥለውም «ልጄን ልጠይቅ እናንተ ከተማ ስመጣ አንተ ዘንድ አርፋለሁ። ቤትህን የት ብዬ ልጠይቅ?» አሉ።

የኔ ቤት አንድ ቦታ አይረጋም። ደግሞም ቤቱን የመረጥክልኝ አንተ ነህ። ስለዚህ ያንተን ሰፈርና ስልክ ሰጠኋቸው። መንገዱ ሲደርቅ ይመጣሉ፤ በጉም እስከዚያ ካልተሸጠ አብሮ ነው።

ባለቤትህን ኢልሀምን ሰላም በልልኝ፤ ፍራሹን ከወዲሁ ታንጥፍ።

መሕቡብ