በእሑድም የማይደርቅ ወንዝ፦ የግድብ በር ተቆጣጣሪው የአባ ቀስ የሕይወት ታሪክ

የቤታችን አባት፣ የልጅ ልጆቻችን አያት፣ ሁላችሁም አባ ቀስ የምትሏቸው የግድቡ በር ተቆጣጣሪ፣ ከግንበኛ አባታቸውና በክሊኒክ ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ሐምሌ 14 ቀን 1938 ዓ.ም. በሠራተኞች ሰፈር፣ በሦስተኛው ረድፍ በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። አባታቸው ግድቡ ሲሠራ ድንጋይ ከጠረቡት አንዱ ናቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተማሩ። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ በመዝሙር ግን መምህራቸው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ያዟቸው ነበር። ከዚያ የሁለት ዓመት የመካኒክነት ሥልጠና ወስደው በ1957 ዓ.ም. በግድቡ የማሽን ቅባት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1961 ዓ.ም. የበር ተቆጣጣሪ ሆኑ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። በስልክ ይህን ያህል ክፈት፣ ይህን ያህል ዝጋ ይባላሉ፤ የብረቱን መሪ ያዞራሉ፤ መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ።

ባለቤታቸውን ያገኙት ሰፊ ሆና ትሠራበት በነበረው የግድቡ የደንብ ልብስ ስፌት ክፍል ነው። በሥራ ቀን ውሃ ለመለካት ወንዝ ሲገቡ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች እየረጠበ ስለሚበላ በወር ሁለት ጊዜ ለጥገና ያመጡት ነበር። አንደኛው በእውነት ያረጀ ነው፤ ሁለተኛው ግን በምላጭ የተቀደደ መሆኑን የሰፊዋ ዓይን አላጣውም። ሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ወንዱ ልጅ አስም ስለነበረበት የግድቡ ክሊኒክ ለዚህ ቤት ከምንም በላይ ያስፈልግ ነበር። ይህን የምንጽፈው በኋላ ለሚመጣው ነገር ነው።

በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. አንድ እሑድ በሩን እንዲዘጉ ታዘዙ። እሑድ ከግድቡ ኃይል የሚወስደው ፋብሪካ ስለማይሠራ መብራት ብዙ አያስፈልግም፤ ውሃው ለሰኞ ይጠራቀማል። ዘወትር ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን መዝጋት የዚያን ቀን በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። አማታቸው ለምሳ ስለሚመጡ መቅረት አይቻልም ነበር። ከምሳ በኋላ ልጆቹን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ያዩትን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱም። ወንዙ ሸሽቶ ትራውት ዓሦቹ በየጉድጓዱ ቀርተው ይንፈራገጡ ነበር። ቤተሰቡ በባልዲም፣ በድስትም፣ በልብስ ማጠቢያ ሳህንም ዓሣ ወደ ጥልቁ ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። ዓሦቹን አተረፉ እንበል። እንቁላሉን ግን በምን ይሸከሙታል? ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ጠጠር ፈልፍሎ፣ እዚያ ጥሎ፣ መልሶ ይሸፍነዋል። እሳቸው ተንበርክከው አንድ ጠጠር በጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ እንደ ብርቱካን ፍሬ የቀላ፣ ምስር የሚያህል እንቁላል ደርቆ አገኙ። ለትልቋ ልጃቸው፣ “ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ” አሏት። አምስት ዓመቷ ነበር፤ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ በወንዙ የድንጋይ መሻገሪያ ላይ ቆመው የውሃውን ጥልቀት በዘንግ እየለኩ በደብተር መጻፍ ጀመሩ። ባለቤታቸው፣ ብርድ ይመታሃል፣ ሳንባህ ይታመማል ስትል ካልሲ ይጨምሩላትና ይሄዱ ነበር። ካልሲውም ረጥቦ ይመለሳል።

ከደብተሩ የወጣው ነገር ይህ ነው። ደንቡ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በሳምንት በአማካይ በሰከንድ ሁለት ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያገኝ ያዛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተርፎ ይለቀቃል፤ እሑድ ምንም የለም፤ ሲካፈል ልክ ይመጣል። በወረቀት ወንዙ ሙሉ ነው፣ በጠጠሩ ላይ ደረቅ ነው። በ1974 ዓ.ም. በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ይህን አነሡ። ዋናው መሐንዲስ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ሒሳቡን በሰሌዳ ሠርተው ስህተት እንደሌለው አሳዩ። እሳቸውም ቆመው፣ “ጌታዬ፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ዓሣ ግን በአማካይ አይተነፍስም” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በስድስተኛው ሳምንት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ።

አባ ቀስ የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያ ነው፤ መጀመሪያ ለፌዝ ነበር። በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋ እያሉ ስለሚጨቀጭቁ የግምጃ ቤቱ ሰዎች ሲያልፉ ሲያገድሙ፣ “አባ ቀስ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ “የዓሣ እንቁላል እግር የለውም፤ ውሃውን አትውሰዱበት ነው የምለው” ብለው ብሎናቸውን መቁጠር ይቀጥላሉ። ቂም አያውቁም ነበር። ቂሙን ሁሉ ለባለቤታቸው ትተውላት ነው መሰለን።

በ1978 ዓ.ም. ደንቡን የሚያሻሽል ኮሚቴ ተቋቁሞ አስተያየት ያለው ሁሉ እስከ መስከረም መጨረሻ በጽሑፍ እንዲልክ ማስታወቂያ ወጣ። አሥራ አንድ ገጽ ጽፈው፣ ፖስታ ቤቱ በመንገዷ ላይ ስለሆነ፣ ለባለቤታቸው ሰጧት። ባለቤታቸው ቴምብር ለጠፈችበት። ከዚያ በኋላ ግን ልቧ ከዳት። ቤቱ የግድቡ ነው፤ ክሊኒኩ የግድቡ ነው፤ የልጁ መድኃኒት ከዚያ ነው። ከበር ወደ ግምጃ ቤት ያወረዱ ሰዎች ከግምጃ ቤት ወዴት ሊያወርዱ ነው ብላ ፈራች። ደብዳቤውን በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር በታች ደበቀችው።

ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ተበተነ፤ በደንቡም አንድ ቃል አልተለወጠም። በጥር ወር የመለኪያቸውን ገመድ ለማሰር ክር ሲፈልጉ መሳቢያውን ከፈቱ። ደብዳቤውን አወጡት። ባለቤታቸው በበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፖስታውን አገላብጠው አዩና፣ “ቴምብር ለጥፈሽበታል እኮ” አሉ።

“ለጥፌያለሁ።”

“እንግዲህ ቴምብሩ አይባክንማ። ነጠላ ጫማሽን አድርጊ፣ አብረን እንሂድ።”

አብረው ሄደው ደብዳቤውን ለራሳቸው ለዋናው መሐንዲስ ላኩት። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸውን በዚህ ነገር ወቅሰዋት አያውቁም። ሌላ ኮሚቴ እስኪቋቋም ግን ሁለት ታኅሣሥ አለፈ፤ የሁለት ታኅሣሥ እንቁላል ደረቀ። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ይጻፍ ያልነው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ለማንም ስላልተናገሩት ነው።

መሐንዲሱ ደብዳቤውን አንብበው ደብተሮቹን አስመጡ። አሥራ ሁለት ደብተር ነበር። አንድ እሑድ በሱፍ ሱሪያቸው መሻገሪያው ላይ ወርደው ራሳቸው ለኩ፤ በ1980 ዓ.ም. በተቋቋመው አዲስ ኮሚቴ ፊትም ቆመው፣ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ወንዙን የለካው ግን እሱ ነው አሉ። በ1981 ዓ.ም. ደንቡ ተለወጠ። አማካይ የሚባል ነገር ቀረ። በግድቡ ሥር እሑድ ሰኞ ሳይባል ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ተገጠመ፤ በሩም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንዳይዘጋ ተከለከለ። እሳቸውም ወደ በሩ ተመለሱ።

በ1993 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ አዲስ ተቆጣጣሪዎችን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። አሠራራቸው የታወቀ ነበር። አዲስ ሰው መሪውን ከመንካቱ በፊት ወደ መሻገሪያው ይላካል፤ ቦት ጫማ አድርጎ ውሃ ውስጥ ቆሞ እጁን ድንጋይ ላይ ያሳርፋል። እሳቸው ከላይ በሩን ይዘጋሉ። ውሃው ከእጁ ላይ ሲሸሽ የተሰማው ሰው መሪ ሲያዞር አይቸኩልም ይሉ ነበር። ዛሬ በሩን የያዘችው ልጅ የመጨረሻዋ ተማሪያቸው ናት። እጄ አሁንም ይቀዘቅዘኛል ትላለች።

በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ የግድቡ ውሃ ሲጎድል ቱቦው ይዘጋ የሚል ወሬ ተነሣ። ለዓሣ ብለን በጨለማ እንቀመጥ ወይ ያለም ነበር። ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ ባለቤታቸውም በልቧ ጠይቃዋለች። እሳቸው በጡረታቸው ተነሥተው ወደ ስብሰባው ሄዱና ከቱቦው በፊት የእሑድ መብራት ይቀነስ፣ ከእኔ ቤት ይጀመር አሉ። ማንንም ሳያማክሩ። ሦስት ወር ሙሉ በቤታችን እሑድ እሑድ ልብስ በከሰል ካውያ ተተኮሰ። ጎረቤትም አየና መብራቱን አጠፋ። ቱቦው ሳይዘጋ ዝናቡ መጣ።

ባለቤታቸው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ብርድ ይገድላቸዋል ብላ ስትፈራ ኖረች፤ ብርዱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሳቸውም። የወሰዳቸው የልብ ድካም ነው። በሆስፒታል በተኙበት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሐኪሞቹና ነርሶቹ ያደረጉላቸውን እንክብካቤ ቤተሰቡ አይረሳም። ግሉኮሱን የምትዘጋውን ነርስ፣ ልጄ ቀስ በይ፣ በአንዴ አይዘጋም እያሉ ያስቋት ነበር። ዓርብ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከስምንት የልጅ ልጆቻቸው ተለዩ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ወሩም ታኅሣሥ ነው። ከዚህ ስትመለሱ ድልድዩን ታልፋላችሁ። ቆም ብላችሁ ወደ ታች ተመልከቱ፤ ውሃው ጠጠሩን ሸፍኖ ሲሄድ ታያላችሁ። አደራ፣ የድልድዩ መደገፊያ ያረጀ ነው፤ አትደገፉት፣ ልጆቹንም እጃቸውን ያዙ።

ለሁሉም ጊዜ የሰጠ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቀስ አድርጎ ይቀበልልን። ለእኛም መጽናናቱን ሳያቋርጥ ይላክልን።