ለምስጋና የመጣው አረቄ

ውድ ሊዩቢካ፣

ለልምድ ልውውጥ በመጣሁበት የኡዢጼ ሆስፒታል፣ የሱስ ሕሙማን ክፍል ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቪዶሳቫ ትባላለች። ዛሬ፣ ከመጠጥ ጋር ሲታገል የከረመ ልጃቸውን ኦግኔንን ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌ ለምስጋና ምን ይዘውላት ቢመጡ ጥሩ ነው? ራሳቸው ያወጡትን የፕሪም አረቄ! እኛ ሱቦቲጻ ሆስፒታላችን ብንሆን ጠርሙሱን ቀምተን ስብከታችንን እንጀምር ነበር። እሷ ግን በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ "እጅዎ ይባረክ፣ አባባ። እቤት እንግዳ ሲመጣ የሚቀዳው ማነው?" አለቻቸው።

"የቤቱ ልጅ ነዋ! ኦግኔን..." አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኦግኔን ጫማውን ያያል።

"ታዲያ እንግዳ በባዶ ልቀበል? መንደርተኛው መሳቂያ ያድርገኝ?" አሉ ሽማግሌው።

"እናትዎ በምን ይቀበሉ ነበር?"

"በአንድ ማንኪያ የፕሪም ማርማላታና በቀዝቃዛ ውሃ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰዱና እዚያው መታጠቢያው ላይ ደፉት። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው ኦግኔን ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

ቦታ አለቀብኝ። ትንሿን ሚሌቫን ሳሚልኝ፣ የክፍላችንን ሰዎች ሰላም በይልኝ። ለባልሽ ቃል የገባሁለት አረቄ ግን ቀርቷል፤ ማርማላታ ይዤለት እመጣለሁ፣ የሚስቅ ይሳቅ።

ዴሳንካ