ዝናብን ዝናብ ማለት ስለከለከለው ፈተና

ለተከበሩ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ምዘና ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደተሟላ፣ እንቅልፍዎ እንደተስተካከለ፣ ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያም በቦታው እንደጸና ያለኝን ልባዊ ተስፋ እገልጻለሁ። ጣሪያውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

እኔ በአንድ መካከለኛ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ከመቀበያው ጀርባ ባለች፣ መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጬ እንግዶች ሲደውሉ አነሳለሁ። እንግሊዝኛዬ ለዓመታት ጥቂት ነበር፤ ግን ይሠራ ነበር። “ፎጣው እየመጣ ነው” ስል ፎጣው ይመጣል፣ “አሁን የለም” ስል አይኖርም፣ እንግዳውም እኔም ተግባብተን ስልኩን እንዘጋለን። ይህን ድህነቴን ተመልክተው ከኋላ ክፍል ወጥቼ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ለመሆን የእርስዎን ፈተና ማለፍ እንዳለብኝ ላሳሰቡኝ፣ ክፍልዎ ያሳተመውን ጡብ የሚያህል የፈሊጣዊ አነጋገር መጽሐፍም እንዳጠና ላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፦ “ፈሊጥ ቃል በቃል አይተረጎምም፤ ተናጋሪው ያለውን ትተው ለማለት የፈለገውን ይያዙ።” እኔም ታዛዥ ተማሪ በመሆኔ ያሉትን መተው ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ቅሬታዎች የዚያ ታዛዥነቴ ፍሬዎች ናቸው።

አንደኛ፤ መጽሐፍዎ “የተማሩትን በቤተሰብዎ ላይ ይለማመዱ” ስለሚል ተለማመድኩ። ባለቤቴ ሶፋ አዳሽ ነው፣ ሥራውን በረንዳችን ላይ ይሠራል። እናቱ፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ጠዋት እማማ ለጉልበታቸው ሕመም ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ እንግሊዞች ለሚወዱት ሰው መልካሙን ሁሉ ሲመኙ “እግርህን ስበር” እንደሚሉ ማታ አጥንቼ ስለነበር፣ ከልቤ ፈገግ ብዬ “እማማ፣ እግርዎን ይስበሩት!” አልኳቸው። ባለቤቴ በከንፈሩ ይዟት የነበረችውን ሚስማር ሊውጣት ምንም አልቀረው።

እማማ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ወደ እኛ ግን አልተመለሱም። ልጃቸው ቤት፣ ማለትም የባለቤቴ እህት ዘንድ ገቡና “እግርዎ ይሰበር ባለችኝ ምራት ደጃፍ እግሬ አይደርስም” ብለው ላኩብኝ። ምርቃት መሆኑን በስልክ ላስረዳቸው ብሞክር “ልጄ፣ ምርቃታችሁ ይህ ከሆነ እርግማናችሁ ምን ሊሆን ነው?” አሉኝ። መልሱን በመጽሐፉ ውስጥ ስላላገኘሁት ጥያቄውን በአክብሮት ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ባለቤቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ሲወጣ መልካም ምኞት እንዳልመኝለት በትሕትና ይለምነኝ ጀመር።

ሁለተኛው አጭር ነው። ባልደረባዬ የሆነችው ክፍል አጽጂ ውሃ የሞላ ባልዲ በእግሯ መትታ አውራ ጣቷ ስላበጠ፣ የሕመም ፈቃድ ስትጠይቅ የሆነውን እንደሆነው በእንግሊዝኛ ጻፈች። “ባልዲ በእግር መምታት” በናንተ ዘንድ መሞት ነው። ፈተናችሁን በማዕረግ ያለፈው ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን አንብቦ ለባሏ ደወለና አጽናናው። ባልየው ስልኩን እንደያዘ ሲንሰቀሰቅ የደረሰችለት ሟቿ ራሷ ነበረች፤ ጓዳ ገብታ ጣቷን በጨውና በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፈች ነበር።

ሦስተኛው ግን ሳቄን ያቋረጠብኝ ነው፤ ስለዚህም ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች የእራት ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ውጪው ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ፣ ከላይኛው ፎቅ አንድ እንግዳ ደወለ። ከባሕር ማዶ ማሽን ሊተክል የመጣ፣ እንግሊዝኛን እንደኔው በባዕድነት የተማረ፣ ቃላትን እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀመ የሚናገር ትሑት መሐንዲስ ነው። “በክፍሌ ውስጥ ዝናብ እየዘነበ ነው” አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ የድሮዋ ሴትዮ ብሆን ኖሮ ቧንቧ ሠራተኛ እጠራ ነበር። አሁን ግን የተማርኩ ነኝ። ወዲያው የዝናብን ምዕራፍ በልቤ ገለጥኩት፦ ድመትና ውሻ ከዘነበ ብርቱ ዝናብ ነው፤ ለዝናብ ቀን ማስቀመጥ ለክፉ ቀን መቆጠብ ነው፤ የዝናብ ቼክ መውሰድ ደግሞ ግብዣን በጨዋነት ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። አገኘሁት! ሰውየው እራቱ ላይ አልገኝም ማለቱ ነው። አነጋገሩ እንዴት ቢረቅ ነው ብዬ እያደነቅሁ “ምንም ችግር የለም ጌታዬ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁንልዎ” አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ደወለ። “እባክሽ፣ አሁን አልጋዬ ላይ ነው” አለ። አልጋ! በተሳሳተው የአልጋ ጎን መነሳት፣ ሲነጫነጩ መዋል ነው። የሆዱን ስለነገረኝ አንጀቴን በላኝና “አይዞዎት ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ቀን ሁላችንንም ያጋጥመናል” ብዬ አጽናናሁት።

በሦስተኛው ጥሪ ድምፁ ተለውጦ ነበር። “ጣሪያው!” አለ፤ “ጣሪያው ወረደ!” ጣሪያን መምታት በናንተ መጽሐፍ እጅግ መቆጣት መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። እንግዳው መቆጣቱን ተረድቼ፣ እንደ ደንቡ ለሥራ አስኪያጁ አሳወቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካክሎ ደወለለትና፣ ስለ ቅሬታው መጨነቃችንን በማዕረግ ባለፈበት እንግሊዝኛ ሲገልጽ “ጌታዬ፣ ሁላችንም የፈላ ውሃ ውስጥ ነን” አለው፤ በመጽሐፍዎ ይህ ችግር ላይ ወድቀናል ማለት ነው።

ቀዝቃዛው ውሃ ጣሪያውን ያፈረሰበት ሰው የፈላው ደግሞ እየመጣ ነው ሲባል ምን ያደርጋል? ባዶ እግሩን ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ “የፈላ ውሃ! የፈላ ውሃ!” እያለ በየበሩ እያንኳኳ ደረጃውን ወረደ። ፊቱን በሳሙና አረፋ የሸፈነ አንድ ነጋዴ ተከተለው፤ ትራስ ያቀፈች እመቤት ተከተለችው፤ ወጥ ቤቱም ነገሩ የመጣው ከእሱ ዘንድ መስሎት እሳቱን ሁሉ አጥፍቶ ወጣ። ሆቴሉ በሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ተሰለፈ።

ቧንቧ ሠራተኛው ውሃውን ከዘጋው በኋላ ሥራ አስኪያጁና እኔ የእንግዳውን ዕቃ ልንሰበስብ ወጣን። በሩን ከፈትን። በር የሚያህል የጣሪያ ቁራጭ ትራሱ ላይ ተጋድሟል። ሰውየው ጋደም ብሎ ነበር፤ ሁለተኛውን ስልክ ሊደውል ባይነሳ ኖሮ ራሱ የነበረው እዚያ ነው። እኔ “አይዞዎት” ስለው ያ ነገር ከበላዩ ውሃ እየጠጣ ይከብድ ነበር ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ምንም ፈሊጥ አልመጣለትም። ሁለታችንም የራሰ ሸሚዝና ሱሪ ተሸክመን ሰገነቱ ላይ ወጥተን አሰጣን።

በማግስቱ የሆቴሉ ባለቤት አስጠሩን። አሮጊት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሲቆጡም ድምፃቸውን ዝቅ ነው የሚያደርጉት።

“ሰውየው ምን አለሽ?” አሉኝ።

“በክፍሌ ዝናብ እየዘነበ ነው አሉኝ።”

“ምን ማለቱ ኖሯል?”

“በክፍላቸው ዝናብ እየዘነበ መሆኑን።”

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። “አንተስ?”

“የፈላ ውሃ ውስጥ ነን አልኩት፣ እመቤቴ።”

“ነበራችሁ?”

“አልነበርንም።”

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት። “እንግዲህ እኔ የገባኝ ይህ ነው” አሉ፤ “ሰውየው እውነቱን ተናገረ፣ እናንተ ደግሞ ተማራችሁ።” ከሥራ አላባረሩንም። የመቀበያ ኃላፊነቱ ግን ቀረብኝ፤ እዚያችው መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነኝ። በዚያው ሳምንት፣ ቀደም ብዬ ለተፈተንኩት ፈተና የእርስዎ ምስክር ወረቀት ደረሰኝ፤ “ከቃላት ገጽ ባሻገር በማየት የላቀ ችሎታ አሳይታለች” ይላል። እንባዬን ነው ያመጣው፤ የእንባውን ዓይነት ለመለየት ግን አሁንም አልቻልኩም።

እማማ ይህን ሲሰሙ የዚያኑ ዕለት ማታ ተመለሱ። “እኔንማ በእግሬ ብቻ ምረሽኛል፤ ምስኪኑን ሰውዬ ግን በራስ ቅሉ ነው የመጣሽበት” ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤታችን ሰላም ሆኗል።

ክቡርነትዎ፣ እኛም ፈሊጥ አጥተን አይደለም። ሆዳችን ይባባል፣ አንጀታችን ይበላል፣ ልባችን ይወልቃል። ለባዕድ ሰው ይህንን በስልክ ብንነግረው አምቡላንስ ይልክልን ነበር። ስለዚህ አንነግረውም፤ እርስ በርስ እንባባልበታለን እንጂ ፎጣ ለጠየቀን እንግዳ ፈተና አናደርገውም። ፈሊጥ የቤት ልጅ ነው፤ የእርስዎ ክፍል ግን ዘበኛ አድርጎ በር ላይ አቁሞታል። በበሩ የሚገቡትም የሚወጡትም እንደኔና እንደ መሐንዲሱ ያሉ፣ በተዋሱት ቋንቋ ተጠንቅቀው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ለወደፊቱ በፈተናው ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንዲጨምሩልኝ እጠይቃለሁ፦ “ተናጋሪው ያለውን ማለቱ ሊሆን ይችላልን?” ነጥቧ ትንሽ ብትሆን አልከፋም።

መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ስልክ አልደወለም፤ ሻንጣውን እየጎተተ እኔ ክፍል ድረስ መጣ። ላየው አፍሬ ብድግ አልኩ። “አዲሱ ክፍል ጥሩ ነበር” አለኝ ቀስ ብሎ፤ “ደህና ተኝቻለሁ። አመሰግናለሁ።” ልቤ እንደ ልማዱ የእንቅልፍን ምዕራፍ ሊገልጥ ሲሮጥ በኃይል ያዝኩት። ፊቱን አየሁት። ደህና ተኝቶ ነበር። በዚያች በጥቂቷ እንግሊዝኛዬ “መልካም ጉዞ” አልኩት፤ መልካም ጉዞ ማለቴ ነበር፤ እሱም እንደዚያው ገባው።

የቃላትን ቀጥተኛ ትርጉም በመርሳት ረገድ ላደረጉልኝ ውለታ ሁልጊዜ ባለዕዳዎ መሆኔን እያረጋገጥኩ፣ ለክፍልዎ ሠራተኞች ሁሉ ረጅም ዕድሜና ደረቅ ትራስ እመኛለሁ።

በማዕረግ ያለፈችው፣ ከመቀበያው ጀርባ ያለችው
የስልክ ኦፕሬተር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሺ” አለችኝ። በተከፈተው መስኮት በኩል ብቻዎን ተቀምጠው ብርቱካን ሲልጡ ስላየሁዎት፣ ይህ የአገራችን ፈሊጥ ያለ አንዳች መጽሐፍ ገብቶኛል።