የሙሾው ሊቅ ፕሮፌሰር ኤክሃርት ብሩንስ

ፕሮፌሰር ኤክሃርት ብሩንስ ከአባታቸው ከቄስ ሄርማን ብሩንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልደ በ1943 በሰሜን ጀርመን ተወለዱ፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይህን የምንጽፈው የባለቤታቸው የጌጤ ታናናሾች ነን። ሟችን አንወዳቸውም ነበር፤ በአስከሬናቸው ፊት ግን አንዋሽም።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። የመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛና ላቲን አጥንተው፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ለሙታናቸው በገጠሙት የለቅሶ ግጥም ላይ ዶክትሬታቸውን በ1972 ተቀበሉ። በ1980 ለማስተማር ሮም መጡ። ጌጤ ከሳቸው በላይ ባለው ፎቅ አንዲት አሮጊት የምታስታምም ባዳንቴ ነበረች፤ በ1987 ተጋቡ፣ ሄራንንም ወለዱ። እስከዚህ ድረስ ክፉ አናወራባቸውም።

በ1996 እናታችን አዲስ አበባ ላይ አረፉ። መርዶው እንደተነገረ ሮም ውስጥ የቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ሐበሻ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጌጤ ሙሾ ስታወርድ ፕሮፌሰሩ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ለቀስተኛው እንዲህ ያለ አማች ለማን ይገኛል እያለ አመሰገናቸው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ የድምፅ መቅጃ ነበረ።

በዓመቱ ሚስታቸውን የሐበሻ ቀሚስ አስለብሰው ወደ አንድ ጉባኤ ይዘዋት ሄዱ። ምን እንደምትሰማ አልነገሯትም። የገዛ ለቅሶዋ ከድምፅ ማጉያው ወጣ፤ እሷ እናቷን ስትጣራ ፕሮፌሰሩ ስንኙን ከጥንቱ የጀርመን ግጥም ጋር እያመሳሰሉ አስረዱ። ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ካሴት መጽሐፍ ጻፉ፤ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱም ሽልማቱም በሱ ተገኘ። ጌጤ መከፋቷን ስትነግራቸው፣ መግቢያው ላይ ያመሰገኗትን መስመር አሳዩዋት። ሊቅነታቸው እዚህ ድረስ ነበር።

በ2009 ወንድማችን ሸዋንግዛው ሲሞት ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ሁሉም የጌጤን ሙሾ ጠበቀ። እሷ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ኮቶች ኪስ ኪሳቸውን ስታይ ቆይታ አንድ ቃል ሳይወጣት ቀረ። ወንድሟን ሳታለቅሰው ሰልስቱም አርባውም አለፈ። ሰውም ጨከነች ብሎ አማት። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልናቸውም።

ፕሮፌሰሩ ባለፈው ዓመት በሳንባ ካንሰር አልጋ ሲይዙ፣ በቀብራቸው ላይ ጌጤ ሙሾ እንድታወርድላቸው ለመኗት። የሚቀዳውን ተማሪያቸውን እንኳ ቀጥረው ነበር።

«አሎራ፣ እንግዲህ ማስታመሙን አስታምምሃለሁ» አለቻቸው። «ሙሾዬን ግን ቀድመህ ወስደኸዋል።»

እንዳለችውም እስከ መጨረሻው አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። ማርች 9 ቀን 2025 ሮም ውስጥ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ከሄራን በቀር ሌላ ቤተሰብ የላቸውም። ከኋላ የቆሙት ተማሪያቸው፣ ሄራን በጣሊያንኛ እንደነገረቻቸው፣ መቅጃቸውን ከበሩ ውጭ ይተዉልን። የፕሮፌሰር ኤክሃርትን ነፍስ ፈጣሪ ከኛ በተሻለ ልብ ይቀበላት።

አሁን ጌጤ ሙሾ ታወርዳለች። የምታለቅሰው ሸዋንግዛውን ነው፤ የምታውቁት ሁሉ አግዟት።