አያ ታከለ ቤታቸውን ያፈረሱ ዕለት

ጥር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ዱርቤቴ ሄጄ፣ ለአዲሱ መንደር ምሥረታ ሲባል የአያ ታከለን ቤት አስፈረስሁ። መሬት ላራሹ በታወጀ ጊዜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ዘምቼ መጥቼ ቤቱ ያለበትን መሬት በገመድ ለክቼ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ያን ዕለት አፈሩን ስመው አልቅሰዋል።

«ልጄ፣ ከመንደሩ እስከ ማሳዬ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በቆሎው ሲደርስ ከዝንጀሮ ማን ይጠብቅልኛል?» አሉኝ።

«ጥበቃ ይመደባል» አልሁ። እንደማይመደብ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሚሊሻዎቹ ወደ ጣሪያው ሲጠጉ «ተዉት፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸው ወጡና ሣሩን ይነቅሉ ጀመር። እኔ ከታች መሰላሉን ያዝሁላቸው።

ነገ ለአለቃዬ «በገዛ ፈቃዳቸው አፈረሱ» የሚል ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ተቀምጫለሁ። እስካሁን የጻፍሁት ስማቸውን ብቻ ነው።